ክንፍ ያላቸው አልቃሾች

አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ሲመጣ ኩባያ አመጣልኝ። ነጭ የሸክላ ኩባያ ነው። መሃሉ ላይ አረንጓዴ ክብ አለ። በክቡ ውስጥ ዘውድ የደፋች፣ ጸጉሯን የለቀቀች ሴት ፈገግ ብላለች። የስታርባክስ ምልክት ነው። ወደ ቡና አገር የቡና ኩባያ ተሸክሞ መምጣቱን ለጊዜው እንለፈው።

እታለም ቤቴ መጥታ ኩባያውን አየችው። እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናት። መነጽሯን አወጣች፣ አገላበጠችው።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት? ንግሥት ናት?»

«የባሕር ሴት ናት እታለም።»

«በሁለት እጇ የያዘችው ምንድን ነው?»

«ጅራቷን ነው። ሁለት ጅራት አላት።»

አማተበች። «እና አንተ በዚህ ቡና ትጠጣለህ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በኩባያው የምጠጣው ሻይ ነው።

ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ባሕር የሌላት አገር ልጅ ነኝ። ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። የማውቀው ውሃ ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚወርደው ነው፤ እሱም በክረምት ካልሆነ ውሃ ለማለት ይከብዳል። ልጅ ሆነን «ቀትር ላይ ወንዝ አትውረዱ፣ ጋኔን ይይዛችኋል» እንባል ነበር። ጋኔኑ ሴት ይሁን ወንድ፣ ይዘፍን ዝም ይበል፣ የነገረን የለም። ስለዚህ የባሕር ሴት ለእኔ የሰው አገር ወሬ ነበረች። ማታ ማታ ስልኬን ይዤ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ወመዘክር ሄጄ መጻሕፍት እያገላበጥኩ ተከተልኳት።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲያትል ላይ ሲከፈት ጀምሮ ምልክቱ እሷ ናት። ሲያትል የወደብ ከተማ ናት። የድርጅቱም ስም ስለ ዓሣ ነባሪ አደን ከተጻፈ ልቦለድ ውስጥ ካለ መርከበኛ የተወሰደ ነው። ከእኛ ጋር ደግሞ በፍርድ ባይሆንም በክርክር ትተዋወቃለች። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥታችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ከኩባንያው ጋር ብዙ ከተባባሉ በኋላ በ2007 ተስማሙ። ያን ጊዜ ስለ ኩባንያው ሁላችንም እናወራ ነበር። ስለ ሴትየዋ ግን ማንም አልጠየቀም።

እኔን ያስደነገጠኝ የጅራቷ ነገር ነው። ጅራቱ የእሷ አይደለም። መጀመሪያ የነበራት ክንፍ ነው።

ግሪኮች ሲሬን ይሏታል። በጥንት ሥዕላቸው ላይ ሲሬን ፊቷ የሴት፣ ገላዋ የወፍ ነው። ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 480 ገደማ የተሠራ እንስራ አለ። ከትሮይ ጦርነት ወደ አገሩ የሚመለሰው የግሪኮች ጀግና ኦዲሴዎስ፣ የሲሬኖቹን ዘፈን ሰምቶ እንዳይሄድባቸው ከመርከቡ ምሰሶ ጋር በገመድ ታስሯል። ቋጥኝ ላይ ሁለት ባለክንፎች ቆመዋል። ሦስተኛዋ ከላይ ወደ ባሕሩ በአፍጢሟ ትወርዳለች። ዓይኗ ተጨፍኗል። በተረቱ አንዳንድ አተራረክ መርከብ ሳይማረክላቸው ካለፈ ሲሬኖቹ ይሞታሉ፤ የምትወድቀውም ለዚህ ነው ይላሉ። ምስሉን በስልኬ አጉልቼ ብዙ አየሁት። ያቺ የምትወድቀዋ ዓሣ አትመስልም። በወንጭፍ የተመታች እርግብ ነው የምትመስለው።

ታሪኩን የሰማሁት ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ነው። መምህራችን በጣም ቆንጆ ሴቶች በዘፈን ወንድ እያማለሉ ይበሉ ነበር ብሎ ነገረን። ወንዶቹ ሳቅን፣ ሴቶቹ ተቆጡ። በኋላ ታሪኩን የተረከውን ጥንታዊ ግሪካዊ ባለቅኔ፣ ሆሜርን ራሱን፣ በትርጉም ሳነበው ቁንጅና የሚባል ነገር የለም። መልካቸውን ጨርሶ አይነግረንም። ሁለት መሆናቸውን፣ ሣር ሜዳ ላይ መቀመጣቸውን፣ ዙሪያቸው የሰው አጥንት መከመሩን ብቻ ነው የሚለው። የሚያማልሉትም በሌላ ነገር ነው። «ና ወደ እኛ፣ ስመ ጥሩው ኦዲሴዎስ» ብለው ይጠሩታል። በትሮይ ጦር ሜዳ የደረሰባችሁን ሁሉ እናውቃለን፣ በምድር ላይ የሚሆነውን ሁሉ እናውቃለን ይሉታል። በቃ። ሰውየው አሥር ዓመት ተዋግቷል፣ ጓደኞቹን ቀብሯል፣ አገሩ አልገባም። ያየውን የሚያውቅለት ሰው ሲጠራው ፍቱኝ ብሎ በቅንድቡ ጠቀሰ።

ይህን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅሁ። ይቺን ዘፈን አውቃታለሁ! የአዝማሪ ዘፈን ናት። ድሮ ካዛንቺስ አንድ አዝማሪ ቤት ገብቼ ነበር፤ ገና ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር። አዝማሪው ስሜን ከጓደኛዬ ሰማ። የት እንደምሠራ ሰማ። ከዚያ ማሲንቆውን ይዞ ፊቴ ቆመ። «ተቀበል!» አለ። አባቴን አነሳ፣ ቁመቴን አነሳ፣ የሌለኝን ጀግንነት አነሳ። ግንባሩ ላይ ብር ለጠፍኩ። ደግሞ አነሳ፣ ደግሜ ለጠፍኩ። ስወጣ የወሩ የቤት ኪራይ አልነበረኝም። እስከ አራት ኪሎ በእግሬ ነው የሄድኩት። ምሰሶ ላይ የሚያስረኝ ሰው አጥቼ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ደግሞ የሰሙ ነገር አለ። ሆሜር እንደሚለው ኦዲሴዎስ የመርከበኞቹን ጆሮ በሰም ደፈነ። የራሱን ክፍት ተወው። እንግዲህ ይህን ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ተርጉሙልኝ። ሰሙን ለመርከበኞቹ ሰጠ፣ ወርቁን ለራሱ አስቀረ ማለት ነው። የሰም ሰዎች እየቀዘፉ አለፉ፣ የወርቁ ሰው ፍቱኝ እያለ አለፈ። ግሪኮቹ ይህ ጨዋታ አይገባቸውም፤ በአማርኛ ብቻ ነው የሚሠራው። እንዳይሰሙ ሰም! እኔ ግን ሆሜር አማርኛ ቢያውቅ ሳይጠቀምበት አያልፍም ነበር እላለሁ።

ሲሬን የጨካኝ ሴት ስም ብቻ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን አቴናውያን መቃብር ላይ የሲሬን ሐውልት ያቆሙ ነበር። ክንፏን ዘርግታ ክራር የመሰለ በገና ትይዛለች። አንዳንዷ ደረቷን ትመታለች፣ ጸጉሯን ትነጫለች። ሟቹን ታለቅስለታለች። ከዚያም በፊት ግብፆች የሰው ነፍስ የሰው ራስ ባላት ወፍ ትመሰላለች ይሉ ነበር። ብዙዎች የሲሬን መልክ ከዚያ በኩል ሳይመጣ አይቀርም ብለው ያስባሉ። የግሪኩ ተውኔት ጸሐፊ የአውሪጲደስ ሄሌና በተውኔቱ ውስጥ ለቅሶዋን ስትጀምር ሲሬኖችን «ባለክንፍ ደናግል፣ የምድር ልጆች» ብላ ትጠራቸዋለች። አግዙኝ፣ አብረን እናልቅስ ነው።

እዚህ ላይ ነው እታለም የገባችው።

እታለም ሙሾ አውራጅ ናት። ነበረች ልበል እንጂ። ከጎጃም በልጅነቷ መጥታ ዶሮ ማነቂያ ስትኖር፣ ለቅሶ ሲኖር መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ነበረች። ድንኳን ውስጥ ስትገባ ሰው ጸጥ ይላል። የሟቹን ሥራ፣ የአባቱን አገር፣ ያሳደጋቸውን ልጆች፣ የተጣላውን ጎረቤት ሳይቀር ታውቃለች። ለስላሳ ነገር የላትም። አንዴ ለእናቱ ሳይደርስ ቀርቶ ቀብሯ ላይ ጮክ ብሎ ያለቀሰ ወንድ በሁለት ስንኝ አንገቱን አስደፋችው። ሰው የሚፈራትም የሚወዳትም ለዚህ ነው። በትሮይ የሆነውን ሁሉ እናውቃለን እንዳሉት መሆኑ ነው።

የማልረሳው አንድ ለቅሶ አለ። የጎረቤታችን ልጅ አረብ አገር ሄዳ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አስከሬኗ በቦሌ መጣ። እናቷ መናገር አቅቷት ቁጭ ብላለች። እታለም ተነሳች።

ክንፍ የለኝ እንደ ወፍ፣ ባሕር አልሻገር፣
እንዴት ልድረስልሽ ከማላውቀው አገር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አላስታውስም። ድንኳኑ ሁሉ ተነሥቶ ሲያለቅስ ብቻ ትዝ ይለኛል። እሷ አላለቀሰችም። አልቃሽ እያለቀሰ አያወርድም ትላለች፤ ድምፅ ይቆረጣል።

ወደ ክንፉ ልመለስ። ክንፉ የት ሄደ?

ጳውሳንያስ የሚባለው ግሪካዊ ተጓዥ አንድ ተረት ያነሳል። ሲሬኖች የዘፈንና የጥበብ አማልክት ከሆኑት ከሙሳዎች ጋር በዘፈን ተወዳደሩ። ተሸነፉ። ሙሳዎቹ ላባቸውን ነጭተው ዘውድ ሠሩበት። ይቺ ተረት አትጥመኝም። አሸናፊ ዘፋኝ የተሸናፊን ላባ ነጭቶ ሲለብስ ማየት የቴሌቪዥን ውድድር ያስመስለዋል። ግን ጥሩ መልስ ናት። ትክክለኛው መልስ ያን ያህል አይጥምም፤ ሥዕሉ ቀስ በቀስ ነው የተለወጠው። በሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በስምንተኛው መጀመሪያ፣ እንግሊዝ አገር ሳይሆን አይቀርም፣ ስለ ልዩ ልዩ አስፈሪ ፍጥረቶች በላቲን የተጻፈ መጽሐፍ ሲሬንን እስከ እምብርቷ ድንግል፣ ከዚያ በታች ባለ ቅርፊት የዓሣ ጅራት ብሎ አቀረባት። በጽሑፍ ከሚታወቁት የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሁለቱም አብረው ይሳሉ ነበር። አንዳንድ ሠዓሊ ሳይጨክን ክንፍም ጅራትም ይሰጣታል። በመጨረሻ ጅራቱ አሸነፈ። ዛሬ ጣልያንና ስፔን «ሲሬና»፣ ፈረንሳይ «ሲሬን» ሲል ባለ ጅራቷን ነው። ወፏን ለማለት ማብራራት አለበት።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነች። ይህን ያገኘሁ ቀን ወመዘክር ውስጥ ድምፅ አውጥቼ «አይ!» አልኩ። አጠገቤ ለፈተና የሚያጠናው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ።

ሰባ ሊቃናት የኢሳይያስን መጽሐፍ ወደ ግሪክ ሲመልሱ፣ ስለ ባቢሎን መፍረስ የሚናገረው ምዕራፍ 13 ላይ በፍርስራሹ ውስጥ ሲሬኖች ያርፋሉ አሉ። ዕብራይስጡ የሚለው የወፍ ስም ነው። የእኛ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሰጎን ይላል። ሚክያስ ላይም እንዲሁ፤ ነቢዩ እንደ ሰጎን ዋይ ዋይ እላለሁ ሲል ግሪኩ እንደ ሲሬን ልጆች ይላል። የሆሜር ዘማሪት አማርኛ ስትደርስ ሰጎን ሆና ጠበቀችን። ክንፍ አላት፣ መብረር ግን አትችልም። ለቅሶው ግን አብሯት አለ።

ዋናው ያለው ሄኖክ ላይ ነው። መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው የእኛ ግዕዝ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት ቅጂ ይዞ አውሮፓ ሲገባ ነው እነሱ ዳግመኛ ያገኙት። በዚያ መጽሐፍ፣ በውጭ ሊቃውንት አቆጣጠር ምዕራፍ 19 ላይ፣ ከሰማይ ወርደው የሰው ልጆችን ሴቶች ያገቡ መላእክት ዕጣ ይነገራል። ከዚያ ስለ ሚስቶቻቸው አንድ ዓረፍተ ነገር አለች። ግዕዙ «ከመ ሰላማውያን» ይሆናሉ ይላል። እንደ ሰላማውያን። አንባቢ ግራ ይጋባል። ያን ሁሉ ጥፋት አመጡ የተባሉ ሴቶች እንዴት በአንዴ ሰላማውያን ሆኑ?

እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ግብፅ ውስጥ አክሚም ከሚባል ቦታ መቃብር የግሪኩ ቅጂ ከፊሉ ተገኘ። እዚያ ላይ ሴቶቹ የሚሆኑት ሲሬኖች ነው። ሊቃውንቱ የደረሱበት እንዲህ ነው። የድሮ ግሪክ በቃላት መሃል ክፍተት አይተውም። ሲሬን በግሪክ «ሴይሬን» ነው። ሰላም ደግሞ «ኤይሬኔ»። አንዲት «ስ» ከፊቷ ላለው ቃል ከተሰጠች ወፊቱ ጠፍታ ሰላም ትቀራለች። አንድ ሰው፣ ወይ ግሪኩን የገለበጠው ወይ ግዕዙን የተረጎመው፣ ያቺን «ስ» ወደ ግራ ገፋት። ሲሬኖቹ ሰላማውያን ሆኑ።

ስሕተት ነው፤ አይካድም። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። በዓለም ዙሪያ ያቺን ሴት ሁሉም የፈለገውን አደረጋት። አንዱ ዓሣ አደረጋት፣ አንዱ ጋለሞታ፣ አንዱ የቡና ማስታወቂያ። እዚህ ግን በመብራት ሥር ብራና ላይ ያጎነበሰ፣ ሲሬን የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ አንድ ደብተራ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ «ሰላማውያን» እያለ ገለበጣት። ሳያውቅ ምሕረት አደረገላት።

እዚህ ላይ ፊሳልጎስን ሳላነሳ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። ስለ እንስሳት የሚናገረው ያ የግሪክ መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ ተመልሷል። በግሪኩ ሲሬን እስከ እምብርቷ ሰው፣ ከዚያ በታች ዝይ ናት። በሄኖክ ሰላማዊት፣ በኢሳይያስ ሰጎን፣ በፊሳልጎስ ዝይ። በእኛ ሰፈር ጅራት የገባው በኩባያ ነው።

ሳይረን ደግሞ አለልን። ፈረንሳዊው ካኛር ደ ላ ቱር እ.ኤ.አ. በ1819 ቀዳዳ ያላቸው ሳህኖች እያሽከረከረ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ውሃ ውስጥም ስለሚጮህ በሲሬኖቹ ስም ጠራው። አምቡላንስ ላይ የምንሰማው ከዚያ የመጣ ስም ነው። ሆሜር ና ብላ የምትጠራ ድምፅ አለ፤ እኛ ዞር በሉ የሚል ድምፅ አደረግነው። ቸርችል ጎዳና ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት አምቡላንስ ከኋላ ሲጮህ ግን መኪኖቹ ዞር የሚሉበት ቦታ የላቸውም። ሹፌሮቹ ሁሉ ጆሯቸው ሰም የገባበት ይመስላል።

እታለም አሁን ፒያሳ አትኖርም። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት። አራተኛ ፎቅ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው፤ አታማርርም። እድሩ ግን ተበታተነ። አዲሱ ሰፈር ለቅሶ ሲኖር በድምፅ ማጉያ መዝሙር ይከፈታል። ማን ምን እንደሠራ የምታውቅለት ሰው የለም። የማታውቀውን ሰው ሙሾ ማውረድ ደግሞ ውሸት ነው ትላለች። በወር በወር፣ በ23፣ ጊዮርጊስን ለመሳለም ሁለት ታክሲ ቀይራ ትመጣለች።

ባለፈው ወር በ23 አገኘኋት። ቅዳሴ ወጥቶ ነበር። እግሯን ስላመማት አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ካሉት መቀመጫዎች በአንዱ ተቀመጥን። ከወዲያ የምኒልክ ፈረስ፣ ከወዲህ የእርግብ መንጋ። ቆሎ ከነጠላዋ ጫፍ ፈታች።

«ያቺ ጅራታም ሴትዮ ነገሯ ምን ሆነ?» አለችኝ።

ነገርኳት። እንስራውን፣ አዝማሪውን (የኪራዩን ብር ዘለልኩት)፣ መቃብር ላይ የሚያለቅሱትን። ስለ ሄኖክ ስነግራት ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ የሮማዊውን ባለቅኔ የኦቪድን ጨመርኩላት። ለእሷ ያቆየሁት እሱን ነበር።

ሲሬኖቹ ድሮ ተራ ልጃገረዶች ነበሩ አልኳት። የእህል አምላክ የሆነችው የሴሬስ ልጅ ፕሮሰርፒና ጓደኞች። አንድ ቀን አበባ ሲለቅሙ የሙታን ንጉሥ መጥቶ ፕሮሰርፒናን ጠልፎ ወሰዳት። ጓደኞቿ ምድርን ሁሉ ዞረው ፈለጓት። አጧት። ምድር ሲያልቅባቸው በባሕሩ ላይ እንፈልጋት፣ ክንፍ ስጡን ብለው አማልክቱን ለመኑ። አማልክቱም ሰጧቸው። ገላቸውን የወርቅ ቀለም ያለው ላባ ለበሰው። ፊታቸውና ድምፃቸው ብቻ የሰው ሆኖ ቀረ፤ ያ ዘፈን እንዳይጠፋ። ክንፉን ሴሬስ የሰጠቻቸው ስላልረዷት ለቅጣት ነው የሚል ሌላ ጸሐፊም አለ። እሱን አልነገርኳትም።

ቆሎውን ማኘክ አቆመች።

«ለምነው ተሰጣቸው?»

«ለምነው።»

«አገኟት?»

«አላገኟትም እታለም። ልጅቷ ከምድር በታች ናት። እነሱ ከላይ ነው የሚፈልጉት።»

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ያን ድንኳን እንዳሰበች አውቄያለሁ። አንድ ሕፃን እየሮጠ እርግቦቹን አስነሳቸው።

«ታዲያ ካላገኟት ክንፉን ለምን አልመለሱም?» አለችኝ።

«እንጃ።»

«ይህን አልጻፉም?»

«አልጻፉም።»

ነጠላዋን አራገፈች፣ የቆሎውን ፍርፋሪ ለእርግቦቹ በተነች። ታክሲ ተራ ድረስ ሸኘኋት። ወያላው «ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው» ይላል። መስኮቱ ጋ ከተቀመጠች በኋላ ጠራችኝ።

«ያ ኩባያ አለ?»

«አለ።»

«በሚቀጥለው ስትመጣ ይዘህልኝ ና። ጤና አዳም እተክልበታለሁ።»